ለሲዲ ሙዚቃ የትኛው ዳክ? አራት ውድ መሣሪያዎች ጎን ለጎን

ውድ ዳክ፣ ማለትም ዲጂታል ድምፅን ወደ አናሎግ የሚቀይር መሣሪያ፣ ለመግዛት የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያጋጥመው የቁጥር ጋጋታ ነው፤ 768 ኪሎኸርዝ፣ 32 ቢት። የሚያዳምጡት ሲዲ ወይም ከሲዲ የተገለበጠ ፋይል ከሆነ ይለፉት። ሶኒና ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጡት ደንብ 16 ቢትና በሰከንድ 44,100 ናሙና (የድምፁ ሞገድ ቅጽበታዊ ልኬት) ነው፤ ከዚህ የበለጠ ነገር ዲስኩ ላይ የለም። የዳክ ሥራ እነዚህን ነጥቦች ወደ ወጥ ሞገድ መመለስ ነው፤ ገንዘብ ሊከፈል የሚገባውም ለዚህ ነው።

ችግሩ ቦታው መጥበቡ ነው። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20,000 ኸርዝ (በሰከንድ የሚደረግ ንዝረት) ይሰማል፤ ሲዲ የሚይዘው እስከ 22,050 ነው። በዚህች ክፍተት ውስጥ የመሣሪያው ማጣሪያ ከላይ ያለውን ትርፍ ቆርጦ መጣል፣ ከታች ያለውን ደግሞ ሳይነካ ማሳለፍ አለበት። አራቱ መሣሪያዎች በዋናነት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ለሲዲ አድማጭ መጀመሪያ የምመክረው በአሜሪካ፣ ኒው ዮርክ ግዛት የሚሠራውን ቤንችማርክ ዳክ3 ኤችጂሲን ነው፤ ዋጋው ከ2,000 ዶላር ከፍ ይላል። ምክንያቴ ብዙ ሻጮች የማያነሡት ነገር ነው። ናሙናዎች ሁልጊዜ የሞገዱ ጫፍ ላይ አያርፉም። 11,025 ኸርዝ የሆነ ንጹሕ ድምፅ እንውሰድ፤ በአንድ ዙር የሚደርሱት አራት ናሙናዎች ብቻ ናቸው። ናሙናዎቹ ከጫፉ ግራና ቀኝ በእኩል ርቀት ካረፉ የሚመዘግቡት የጫፉን 71 በመቶ ያህል ነው። ስቱዲዮው ዲስኩ ጎልቶ እንዲሰማ ብሎ እነዚህን ናሙናዎች እስከ ዲጂታሉ ጣሪያ፣ ማለትም ሊመዘገብ እስከሚችለው ትልቁ ቁጥር፣ ከገፋቸው እውነተኛው ጫፍ ጣሪያውን በ3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ያልፋል። ማጣሪያው ሞገዱን መልሶ ሲሠራ ለዚህ ጫፍ ቦታ ካላስቀረ ይቆርጠዋል፤ የሚሰማውም የሻከረና ጆሮ የሚያደክም ድምፅ ነው። በሙዚቃ ውስጥ መጠኑ ከዚህ ምሳሌ ሊያንስ ይችላል፤ ይሁን እንጂ ከ1990ዎቹ ወዲህ ድምፃቸው ተገፍቶ የታተሙ ሲዲዎች ይህ ችግር በብዛት አለባቸው። ቤንችማርክ ለዚሁ ብሎ 3.5 ዴሲቤል ትርፍ ቦታ ትቷል። የሲዲ ማጫወቻ ማገናኛ ኮአክሲያልም (በሽቦ) ኦፕቲካልም (በብርሃን) አለው፤ የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያም አለው።

የጀርመኑ አርኤምኢ ኤዲአይ-2 ዳክ ወደ 1,300 ዶላር ይሸጣል። ዋጋው ዝቅ ማለቱ አያስጠርጥርዎ። ሲዲ ራሱ በጸጥታና በከፍተኛው ድምፅ መካከል የሚይዘው ልዩነት 98 ዴሲቤል ያህል ሲሆን ይህ መሣሪያ ከ115 በላይ ይችላል። ትልቁ ጥቅሙ ግን በውስጡ ያለው ባለ አምስት ባንድ ኢኳላይዘር (የተመረጡ ድግግሞሾችን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ማስተካከያ) ነው። ሳሎንዎ ጠባብ ሆኖ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ጥግ ላይ የሚያጉረመርም ከሆነ ያንን አንድ ድግግሞሽ ብቻ ለይተው ይቀንሱታል። በጆሮ ማዳመጫ ለሚያዳምጥ ሰውም ከቤንችማርክ ይልቅ ይህን እመርጥለታለሁ።

የቻይናው ሆሎ ኦዲዮ ሜይ ሌላ መንገድ ይከተላል፤ እንደ ደረጃው ከ4,000 ዶላር ግድም ጀምሮ ያወጣል። ሥራውን የሚሠራው በመሰላል መልክ በተደረደሩ ሬዚስተሮች ሲሆን፣ ያለ ዲጂታል ማጣሪያ እንዲጫወት ማድረግም ይቻላል። ብዙዎች በዚህ አጨዋወቱ ይወዱታል፤ ድምፁ ለስላሳ ነው። ልስላሴው ግን ከስሌቱ የሚመጣ ነው። ማጣሪያ ከሌለ የሲዲ ድምፅ 10,000 ኸርዝ ላይ በ0.75፣ 20,000 ላይ ደግሞ በ3.2 ዴሲቤል ይወርዳል። ጸናጽል ያለበት የመዝሙር ሲዲ አጫውተው ሁለቱን አማራጮች ቢያፈራርቁ የብረቱ ቅጭልታ ሲደበዝዝ ማስተዋል ይችላሉ። ጥርት ያለ ድምፅ ለሚያስቸግረው ጆሮ ይህ ጸጋ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ጸናጽሉ እንደተቀዳ እንዲሰማኝ እፈልጋለሁ።

የእንግሊዙ ቾርድ ዴቭ ከ10,000 ዶላር በላይ ነው። የተለመዱ ቺፖች ማጣሪያ በጥቂት መቶ የስሌት ነጥቦች ሲሠራ፣ ዴቭ 164,000 ነጥቦችን ይጠቀማል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ማጣሪያው በረዘመ ቁጥር ሞገዱ ወደ እውነተኛው ይቀርባል። ነገር ግን ልዩነቱ ስፒከር ሲቀየር ከሚሰማው ጋር አይወዳደርም። ከ5,000 ዶላር በታች የሆነ ስፒከር ያለው ሰው ዴቭን ከመግዛቱ በፊት ስፒከሩን ይለውጥ፤ በዚህ ላይ አላመነታም።

ከአሜሪካ አስገዝቶ ወደ ኢትዮጵያ ለሚያስመጣ፣ ቤንችማርክም አርኤምኢም 110ም ሆነ 220 ቮልት ይቀበላሉ። ሜይ ግን ከባድ ትራንስፎርመር ያለው በመሆኑ ለ220 ቮልት መዘጋጀቱን ከመላኩ በፊት ከሻጩ ያረጋግጡ።

ሁለት መሣሪያዎችን ሲያወዳድሩ መጀመሪያ የድምፅ መጠናቸውን ያመሳስሉ፤ በጥቂቱ ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። የ100 ኸርዝ ንጹሕ ድምፅ እያጫወቱ የስፒከሩን ተርሚናል በተራ የቮልት መለኪያ ይለኩ፤ ልዩነቱ ከ1 በመቶ በታች እስኪሆን ያስተካክሉና ከዚያ በኋላ ብቻ ያዳምጡ።