ስምንት ወር በሱፍ፦ ያለ ሰርግ፣ ያለ ለቅሶ

ባለፈው ጥቅምት አንድ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ አሰፋሁ። ጨርቁን እዚሁ ጅማ መርካቶ ራሴ መርጬ ገዛሁ፤ 3 ሜትር ተኩል ፈጀ። ከነስፌቱ 11,000 ብር ወጣበት። ለሰርግ አይደለም። ለሥራም አይደለም፤ የቤት ዕቃ ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ሱፍ ልበስ የሚለኝ የለም። ሱፍ መልበስ ስለምወድ ነው። የድሮው ሱፌ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሎ ሲያረጅ በጣም ያሳዝነኝ ነበር። ይሄኛውን ለቡና፣ ለገበያ፣ ለእሁድ ሽርሽር እለብሰዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። ይኸው ሰኔ ገባ።

የመጀመሪያው ወር በጥያቄ አለቀ። «የማን ሰርግ ነው?» «ማን ሞተ?» «ኢንተርቪው አለህ እንዴ?» የባጃጅ ሾፌሮች «ፓስተር፣ ወዴት ነዎት?» ይሉኛል። ገና 31 ዓመቴ ነው፤ አንቱታው ከሱፉ ጋር አብሮ መጣ። ከጓደኞቼ ጋር ጅሬን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ልናይ የሄድን ቀን፣ ካሜራ የያዘ ልጅ ጠጋ ብሎ «ሙሽራዋ የት ናት?» አለኝ። ገበያ ላይ ደግሞ ዋጋ ይጨምራል። አቮካዶ የምገዛት ሴት በሹራብ ስሄድና በሱፍ ስሄድ የምትጠራልኝ ዋጋ አንድ አልነበረም።

ይሄ ሁሉ አልከበደኝም። የከበደኝ ጎረቤታችን እማማ ቤት የሆነው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና የምንጠጣው እሳቸው ጋ ነው። እኔ ሁሌም ከረከቦቱ አጠገብ ባለሦስት እግሯ በርጩማ ላይ ነው የምቀመጠው። በሱፍ የገባሁ ቀን እማማ ተነሡና ከሳሎን ወንበር አመጡልኝ። «ልብስህ እንዳይቆሽሽ፣ ልጄ» አሉኝ። ከሁሉም በላይ ከፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ጨዋታው ተቀየረ። እንደ እንግዳ ስለ ሥራ፣ ስለ ኑሮ ጠየቁኝ። የሰፈሩን ወሬ ማንም አላነሳም። የዚያን ቀን ቤቴ የገባሁት ከፍቶኝ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከረባቱን ተውኩት። ስገባ ኮቱን በሩ ላይ ሰቀልኩ፣ የሸሚዜን እጅጌ ጠቀለልኩ፣ በርጩማዬን ራሴ ሳብኩ። ሁለተኛው ስኒ ላይ ወሬው ተመለሰ። ሰውን የሚያርቀው ከረባቱና የሚያብረቀርቀው ጫማ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ከረባቱን ካወለቅኩ ወዲህ ጥያቄውም በጣም ቀንሷል።

ለነገሩ ሱፍ ሲወለድ የክብር ልብስ አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የክብር ልብስ የሚባለው እስከ ጉልበት የሚደርሰው ረጅም ኮት ነበር። አጭሩን ኮት ሰዎች ገጠር ሲወጡና ሲዝናኑ ነበር የሚለብሱት። የዛሬው ሱፍ የመጣው ከእሱ ነው። እኛም ጋ ቢሆን ነጭ ኮፍያ አድርገው፣ ኮት ደርበው መስጊድ የሚሄዱ አባቶችን በየቀኑ እናያለን። ሰርግ አለ ወይ ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። ኮቱ ቀለሙ እስኪለቅ ስለለበሱት የእነሱ ሆኗል። እኔም ተስፋ ሳልቆርጥ መልበሴን የቀጠልኩት እነሱን እያየሁ ነው።

አሁን ስለ ዕቃው ልንገራችሁ። ጨርቁ የበግ ፀጉርና ፖሊስተር ቅልቅል ነው። ለጅማ አየር ተስማምቶኛል፤ ጠዋት ይሞቃል፣ ቀን አያፍንም። ስፌቱ ላይ ግን ቅር ብሎኛል። ደረቱ ውስጥ በካውያ የሚጣበቀው ጨርቅ መጋቢት ላይ ዝናብ ካገኘው በኋላ ለቀቀ። ግራው በኩል አሁን አየር እንደያዘ ፊኛ እብጥ ብሏል። ሰፊው «በካውያ ይስተካከላል» አለኝ፤ አልተስተካከለም። እንደገና ባሰፋ በክር የሚያያዝ ይሁን እላለሁ፣ ዋጋው ቢጨምርም። ሱሪው ጭኑ መሀል መሳሳት ጀምሯል፤ ባጃጅ መውጣትና በርጩማ ላይ መቀመጥ የሚጎዳው እሱን ነው። ቀዩን ጭቃ እርጥብ እያለ አትሹት፤ ይደርቅና በብሩሽ ይራገፋል። ካውያ ስታደርጉ ስስ እርጥብ ጨርቅ ከላይ ጣል አድርጉበት፣ አለበለዚያ ጉልበቱ ያብረቀርቃል። ለብሳችሁት ስትገቡ ቶሎ ሳጥን ውስጥ አታስገቡት፤ በክረምት እርጥበት ይሻግታል።

አንድ ጓደኛዬ ጥር ላይ «አንተ እኮ ከእኛ ተለየህ» ብሎኝ ነበር። ከልቡ ነው ያለው፣ እኔንም አሞኛል። ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ሱፉን አልተውኩትም፣ እሱንም አልተውኩትም። ባለፈው ወር ኮቴን ለእህቱ ሽምግልና ተውሶኛል፤ ትከሻው ልክክ ብሎለታል።

ባለፈው ቅዳሜ ሱፉን ላውንደሪ ሰጥቼ በሹራብ እማማ ቤት ገባሁ። ጀበናውን ይዘው ቀና ብለው አዩኝና «ምነው ልጄ፣ አመመህ እንዴ?» አሉኝ።

ሰኞ ዕለት ጨርቁ ከገበያ ሳይጠፋ 1 ሜትር ከ30 ጨምሬ ገዛሁ። ሁለተኛ ሱሪ እያሰፋሁበት ነው፣ በሌላ ሰፊ።