የግብፅ ጉዞ መጽሐፌ፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

መጽሐፉን የገዛሁት ነሐሴ 2017 ላይ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጥበት ሱቅ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ስለ ግብፅ ብቻ የሚያወራ ወፍራም ጋይድ ቡክ ነው። የታተመው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ዛሬ ጀርባው ተሰንጥቋል። የአስዋን ምዕራፍ ተገንጥሎ በላስቲክ ታስሮ ነው የሚቀመጠው። ያልተነካ ገጽ ግን የለውም።

መጀመሪያ እንዴት እንደመረጥኩት ልንገራችሁ፤ ከሁሉም የሚጠቅማችሁ እሱ ይመስለኛል። ሱቁ ውስጥ ስለ ግብፅ ሦስት መጻሕፍት ነበሩ። አንዱ በፎቶ የተሞላ፣ ሲገልጡት የሚያብረቀርቅ ነው። አንዱ ኪስ የሚገባ ቀጭን። ሦስተኛው ይኸው የኔው፣ ፊደሉ የደቀቀ፣ ፎቶው ጥቂት። ግብፅን አይቼ አላውቅም። የቱ እውነቱን እንደሚናገር በምን ልለይ? ትንሽ ቆይቶ ግን ባሕር ዳርን እንደማውቅ ትዝ አለኝ። ሻጩን ከነዚሁ አሳታሚዎች ስለ ኢትዮጵያ የወጣ ካለው ጠየቅኩት። የሁለቱን አወጣልኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ የከተማዬን ገጽ አነበብኩ።

በፎቶ የተሞላው ስለ ጣና ገዳማት ብዙ የአድናቆት ቃል ደርድሯል። እንዴት እንደሚደረስባቸው ግን አይናገርም። ሌላኛው ክብራን ገብርኤል ሴት እንደማይገባበት፣ ዘጌ ያለው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሴትም ወንድም እንደሚገባ ጽፏል። ጀልባ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ዋጋ ጨርሱ ይላል። ጢስ ዓባይ በበጋ እንደሚሳሳ፣ ክረምቱ ሲወጣ መሄድ እንደሚሻል ይናገራል። ይህን የጻፈው ሰው ጣና ዳር ቆሞ ሰው ጠይቋል፣ አልኩ። አዲሱ የዓባይ ድልድይ የለበትም፤ ድልድዩ የተመረቀው ግንቦት 2016 ነው፣ መጽሐፉ ደግሞ ከዚያ በፊት የወጣ ነው። ያንን ዕድሜው ነው ብዬ አለፍኩት። የዚያን አሳታሚ የግብፅ መጽሐፍ ከፍዬ ወጣሁ።

የሄድኩት ከእናቴ ጋር ነው። ጥምቀትን እዚሁ አክብረን፣ ጥር 2018 መጨረሻ ላይ ተነሣን። እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም። ስለዚህ ለወራት ማታ ማታ ቡና ሲፈላ እኔ እያነበብኩ በአማርኛ እነግራት ነበር። መጽሐፉ በደንብ የተጻፈ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። የተድበሰበሰ ነገር ለሌላ ሰው መልሶ መንገር አይቻልም። ይኼኛው ይነገራል።

ትልቁ ጉድለቱ የቪዛና የጤና ገጹ ነው። ስለ ቪዛ የተጻፈው የአውሮፓና የአሜሪካ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ነው፤ አየር ማረፊያ ስትደርስ ትገዛለህ ይላል። እኛ አስቀድመን አዲስ አበባ ላይ ነው የጨረስነው። ስለ ክትባትም ግዴታ የለም ይልና፣ ከታች በደቃቅ ፊደል፣ በሽታው ካለባቸው አገሮች የሚመጡ የቢጫ ወባ ካርድ ማሳየት አለባቸው ይላል። ኢትዮጵያ ከነዚያ አገሮች አንዷ ናት። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ አንዴ የተወሰደ ክትባት ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ያችን መስመር ያየኋት ለእናቴ ሳነብላት ነው እንጂ ብቻዬን ብሆን እዘላት ነበር። የትኛውንም የውጭ ጋይድ ቡክ ስትገዙ እነዚህን ገጾች ለእኛ እንዳልተጻፉ ቁጠሯቸው። ኤምባሲውን ጠይቁ።

ካይሮ ላይ ግን ክሶናል። የየቦታው ስም ጎኑ ላይ በዓረብኛ ፊደል ተጽፏል። ይህን ነገር አትናቁት። የታክሲ ሹፌሩ አነጋገሬ አልገባው ሲል ገጹን አሳየዋለሁ፣ ራሱን ነቅንቆ ይነዳል። ሜትሮው ላይ መሐል ያሉት ፉርጎዎች የሴቶች እንደሆኑም ነግሮናል፤ እናቴ ግን ካንተ አልለይም ብላ ከኔ ጋር ቆመች። አንደኛው መስመር ላይ ማር ጊርጊስ የሚባል ጣቢያ አለ። ከጣቢያው ስትወጡ የጥንቱ የኮፕቶች ሰፈር ፊት ለፊታችሁ ነው። አቡ ሰርጋ ቤተ ክርስቲያን እዚያ ነው። እመቤታችን በስደቷ ጊዜ ልጇን ይዛ አርፋበታለች የሚባለው ዋሻ ከሥሩ ይገኛል።

እዚህ እኛ ዘንድ ጣና ቂርቆስም ያረፈችበት ነው ይባላል። ገዳሙ ሴት ስለማይገባበት እናቴ የተሳለመችው ከጀልባ ላይ ሆና ነው። አቡ ሰርጋ ደረጃው ላይ ብዙ ቆመች። «ቂርቆስን ከሩቅ ነበር ያየሁት ልጄ፤ እዚህስ ገባሁ» አለችኝ። መጽሐፉ ስለ ዋሻው የጻፈው አምስት መስመር አይሞላም፣ ግን መንገዱን ሳያዛንፍ አድርሶናል። ለኔ ይህ ይበቃል።

ረቡዕና ዓርብም አልተቸገርንም። ሥጋ ለማይበሉ ብሎ የጻፈው ገጽ ለጾመኛ በትክክል ይሆናል። ኮሸሪ ሩዝ፣ ምስር፣ ፓስታ፣ የቲማቲም ስጎና የተጠበሰ ሽንኩርት ነው። ፉሉንማ እናውቀዋለን።

ዋጋው ላይ አትመኑት። 2022 እ.ኤ.አ. ሲጀምር አንድ ዶላር 16 የግብፅ ፓውንድ ገደማ ነበር። እኛ ስንሄድ ወደ 50 ተጠግቷል። እኔ የተጠቀምኩት የትኛው ሆቴል ከየትኛው እንደሚረክስ ለማወዳደር ብቻ ነው፤ ለዚያ አሁንም ይሠራል። የቱታንክሃሙንን የወርቅ ጭምብልም ታህሪር አደባባይ ሙዚየም ሄዳችሁ እዩ ይላል። ጭምብሉ ግን ጊዛ ፒራሚዶቹ አጠገብ ወዳለው ታላቁ የግብፅ ሙዚየም ተዛውሯል፤ ይህ ሙዚየም በይፋ የተከፈተው ጥቅምት 2018 ነው። የሆቴሉ ሠራተኛ ባይነግረን ግማሽ ቀናችን ይባክን ነበር።

መጽሐፉን የወደድኩበት ገጽ የሮዳ ደሴት ገጽ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ፒራሚድ ይሮጣል። ሮዳ ካይሮ መሐል፣ ወንዙ ላይ ያለ ደሴት ነው። ደቡብ ጫፉ ላይ በ861 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሠራ የዓባይ መለኪያ አለ። በደረጃ ወደ ጥልቅ ጉድጓድ ትወርዳላችሁ፤ መሐሉ ላይ በክንድ በክንድ ምልክት የተደረገበት የእብነ በረድ ዓምድ ቆሟል። ወንዙ ሲሞላ ውሃው በቦይ ገብቶ ዓምዱን ይወጣል። ገበሬው የሚከፍለው ግብር የሚተመነው በዚያ ልክ ነበር። ታላቁ የአስዋን ግድብ በ1970 እ.ኤ.አ. ካለቀ ወዲህ ያ ሙላት ቀርቷል። መጽሐፉ ይህን ሁሉ አሳምሮ ይተርካል፤ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሲደርስ ግን «ከሩቅ ደጋ» ብሎ ያልፋል። ሙላቱን ያመጣው በዋናነት የኛ ክረምት ነው። እርሳስ አውጥቼ ጠርዙ ላይ «ከኢትዮጵያ፤ ከኛው ዓባይ» ብዬ ጻፍኩበት። እናቴ ምን እንደጻፍኩ ጠይቃ ሳነብላት፣ ቀና ብላ ዓምዱን እንደገና አየችው።

ጀርባው ቶሎ የተሰነጠቀው በሙጫ ብቻ ስለተያያዘ ነው። ስትገዙ ከላይ በኩል አጎንብሳችሁ እዩት። ወረቀቱ እጥፍ እጥፍ ሆኖ በክር የተሰፋ ከሆነ ይቆያል። የከተማ ካርታውም ሁለት ገጽ ላይ ተከፍሎ መሐሉ ያለው መንገድ ገጾቹ መጋጠሚያ ውስጥ ገብቷል፤ ይህ በጣም አስቸግሮኛል። ተነቃይ ካርታ ከኋላ ኪሱ ውስጥ ባይኖረው ኖሮ ካይሮን በጥያቄ ብቻ ነበር የምንዞረው።

አንድ ጓደኛዬ ለመስከረም ካይሮ ሊሄድ ነው፤ መጽሐፉን አዋስኩት። የእርሳስ ጽሑፎቼን እንዳያጠፋ፣ የአስዋንን ላስቲክ እንዳይጥል ነግሬዋለሁ። ተነቃዩን ካርታ ግን እናቴ አልሰጥም አለች። ከዳዊቷ ጋር አስቀምጣዋለች።