ጣና ዳር ያየሁት የኮሜዲ ምሽት

ቅዳሜ ማታ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ላውንጅ የኮሜዲ ዝግጅት አየሁ። ድሮ እዚሁ ከተማ ከመድረክ ጀርባ ድምፅ እሠራ ነበር፤ ስለዚህ መጀመሪያ ያየሁት ሚክሰሩን፣ ማለትም የድምፅ ማስተካከያውን ነው። ድምፁን የሚሠራው ልጅ ጎበዝ ነው፣ ኤኮ (የገደል ማሚቶ ዓይነት ድምፅ) አልጨመረም። ኤኮ ለዘፈን ያምራል፤ ቀልድ ላይ ግን ቃሉ ከተድበሰበሰ ሳቁም የለም። ወንበሮቹንም አጠጋግተዋል። ሰው ተጠጋግቶ ሲቀመጥ ሳቅ ይጋባል።

በእኛ ጊዜ መብራት ሲጠፋ፣ ጀነሬተሩ እስኪነሳ ኮሜዲያኑ በጨለማ ያለ ማይክ ይቀጥሉ ነበር። እስከ ዛሬ አከብራቸዋለሁ!

ቅር ያለኝ መስተንግዶው ነው። ልክ ቀልዱ ሊፈነዳ ሲል ሒሳብ ይጠየቃል፤ ይሄ ኮሜዲያኑን ይጎዳል። ዓሣ ጉላሹ ግን ይጣፍጣል። የሐይቁ ንፋስ ማይኩን እየመታ ስለሚያንኳኳ ስፖንጅ ቢያለብሱት ጥሩ ነው። ከሄዳችሁ ፊት ለፊት ተቀመጡ።