ማይክሮፑር በሥራ ላይ፦ የጡት ካልሲየምን በአልትራሳውንድ መፈለግ

ቀድሞ በቶሺባ ስም ይሸጥ የነበረውና ዛሬ በካነን ስም የሚቀርበው አፕሊዮ የተባለው የአልትራሳውንድ መሣሪያ፣ ማይክሮፑር የሚባል ተጨማሪ የምስል ማጣሪያ አለው። የተሠራው በጡት ውስጥ የሚገኙ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊሜትር የማይበልጡ የካልሲየም ቅንጣቶችን ለይቶ ለማሳየት ነው። የዕለት ሥራዬ የጡት ምርመራ በመሆኑ ማጣሪያውን በተደጋጋሚ ተጠቅሜበታለሁ። ማሞግራም (የጡት ራጅ) አስቀድሞ ያሳየውን ቅንጣት መልሶ ለማግኘት ወድጄዋለሁ፤ ማሞግራም ያልተነሣችን ሴት «ካልሲየም የለብዎትም» ብሎ ለመሸኘት ግን አላምነውም።

ቅንጣቶቹ በራሳቸው በሽታ አይደሉም፤ አብዛኞቹም ጉዳት የሌላቸው ናቸው። በእርጅና ምክንያት በደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚቀመጥ ካልሲየም አለ፤ ፋይብሮአዴኖማ በተባለ ካንሰር ያልሆነ የቆየ የጡት እብጠት ውስጥ እንደ ፈንዲሻ ፈክቶ የሚታይ ትልልቅ ካልሲየምም አለ። የሚያሳስቡት በአንድ ቦታ ተሰባስበው ወይም የወተት ቱቦን ተከትለው ተሰልፈው የሚታዩት፣ ቅርጻቸው የተሰባበረ ደቃቅ ቅንጣቶች ናቸው፤ ምክንያቱም ከቱቦው ገና ያልወጣ፣ በእጅ የማይዳሰስ ካንሰር ብዙ ጊዜ ራሱን የሚያሳውቀው በእነዚህ ብቻ ነው። ማሞግራም ራጅ ስለሆነና ካልሲየም ራጅን ስለሚያስቀር፣ ቅንጣቶቹ በፊልሙ ላይ ነጭ ሆነው ጎልተው ይወጣሉ።

አልትራሳውንድ ለምን ይቸገራል? በ15 ሜጋኸርትዝ የሚሠራ ፕሮብ (በቆዳ ላይ የሚንቀሳቀሰው የመሣሪያው ክፍል) የሚልከው ድምፅ የሞገድ ርዝመቱ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በወረቀት ላይ ሲሰላ ቅንጣቱ መታየት ነበረበት። ነገር ግን የሐሞት ጠጠር ከኋላው ጥቁር ጥላ ጥሎ ሲታወቅ፣ የጡት ቅንጣት ከድምፁ ጨረር ስለሚቀጥን ብዙውን ጊዜ ጥላ አይጥልም። የጡት ሕብረ ሕዋስም በአልትራሳውንድ ላይ በተፈጥሮው ነጠብጣብ የበዛበት ነው። ቅንጣቱ በጠቆረ እብጠት ውስጥ ካለ በቀላሉ ይታያል፤ በነጣው የጡት ዕጢ መካከል ካለ ግን በነጭ ጤፍ ላይ የወደቀ ነጭ አሸዋ ይሆናል።

ማይክሮፑር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሲከፈት ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል፤ በአንዱ በኩል የተለመደው ግራጫ ምስል፣ በሌላው በኩል ደግሞ ነጠብጣቡ ተዳፍኖ፣ በጠንካራ ሁኔታ ድምፅ የመለሱት ነጥቦች ብቻ በሰማያዊ ጀርባ ላይ ነጭ ሆነው ይቀራሉ። ሁለቱ ምስሎች እጅን ተከትለው አብረው መንቀሳቀሳቸው ትልቁ ጥቅሙ ነው። ነጭ የሆነው ሁሉ ግን ካልሲየም አይደለም። ድምፁ በአግድም የቆረጠው የጡት ጅማትም ያበራል፤ ማደንዘዣ ሲወጋ አብሮ የገባ የአየር አረፋ ደግሞ ከሁሉም የባሰ አሳሳች ነው። ስለዚህ ነጥቡን ሳላጣው ፕሮቡን ዘጠና ዲግሪ አዞራለሁ፦ ጅማት ከሆነ ተዘርግቶ መስመር ይሆናል፣ ቅንጣት ከሆነ እንደ ነጥብ ይቆያል።

አንድ አጋጣሚ ላንሣ። ሃምሳዎቹን የጀመሩ እናት በግራ ጡታቸው ላይኛው ውጫዊ ክፍል የተሰባሰቡ ቅንጣቶች እንዳሉ የሚገልጽ የማሞግራም ውጤት ይዘው መጡ። (ውጤቱ ጡቱን እንደ ሰዓት ፊት በመቁጠር ቦታውን «2 ሰዓት» ብሎ ስለጠቀሰ፣ የቀጠሮ ሰዓት መስሏቸው ከጠዋቱ 2 ሰዓት በር ላይ ተገኝተው ነበር፤ እኛ የምንጽፈውን ሌላ ሰው እንደሚያነበው እንዘነጋለን።) በግራጫው ምስል አሥር ደቂቃ ያህል ብፈልግ ምንም አላገኘሁም። ማጣሪያውን ስከፍት አራት ነጭ ነጥቦች በአንድ ጠባብ ቦታ ታዩ፤ ወደ ግራጫው ስመለስ ከሥራቸው የሰፋ ቱቦ መኖሩን አስተዋልኩ። ናሙናው በአልትራሳውንድ መሪነት ተወሰደ፤ እርሳቸው በጀርባቸው ተኝተው፣ ጡታቸው ሳይጫን። የተወሰዱት ቁራጮች በማሞግራፊ መሣሪያው ሲነሡ በሁለቱ ውስጥ ካልሲየሙ ታየ፤ የፓቶሎጂ (የናሙናው የላቦራቶሪ ምርመራ) ውጤቱም ከቱቦው ያልወጣ ካንሰር ነበር። በቁራጮቹ ውስጥ ካልሲየም ባይታይ ኖሮ፣ የፓቶሎጂው መልስ ምንም ያህል ደስ የሚያሰኝ ቢሆን አልቀበለውም ነበር፤ መርፌው ቦታውን ስቶ ሊሆን ይችላልና። ማጣሪያው ምንም ያላሳየኝ ሌሎች ታካሚዎችም አሉ፤ ለእነርሱ ናሙናው መወሰድ ያለበት በማሞግራፊ መሪነት ነው።

ቅሬታዬ ከመሣሪያው ይልቅ በአጠቃቀሙ ላይ ነው። ስሙን ከማልጠራው ክሊኒክ የመጣች አንዲት ታካሚ የያዘችው ወረቀት «በአልትራሳውንድ ካልሲየም አልታየም፤ ማሞግራም አያስፈልግም» ይላል። ማሞግራም ስትነሣ ቅንጣቶቹ ነበሩ። ፈተናው ይገባኛል፦ የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚከሰቱ ካንሰሮች ቀዳሚው ሆኖ ሳለ፣ አልትራሳውንድ በየከተማው ሲገኝ ማሞግራፊ ግን በጥቂት ቦታ ብቻ ነው። እብጠት ዳስሳ ለምትመጣ ሴት አልትራሳውንድ ትክክለኛ ምርመራ ነው፤ ለእርሷ ግን ማይክሮፑር የሚጨምረው ነገር ትንሽ ነው፤ እብጠቱ ያለ ማጣሪያም ይታያልና። የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ የ2013 መመሪያ በአልትራሳውንድ የታየ ካልሲየም በእብጠት ውስጥ፣ ከእብጠት ውጭ ወይም በቱቦ ውስጥ ተብሎ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ማጣሪያው በጣም የረዳኝ በመጨረሻዎቹ ሁለቱ ነው።

ባለቀለም ዶፕለር (የደም ፍሰትን በቀለም የሚያሳይ የአልትራሳውንድ ዘዴ) ያለው ማንኛውም መሣሪያ ያለ ተጨማሪ ወጪ የሚሰጠው አማራጭም አለ፤ ድምፁ ጠጠር ሲነካ ቀለሙ የሚብለጨለጭበት ክስተት ነው። ለኩላሊት ጠጠር ደህና ይሠራል፤ በጡት ላይ ግን እንደ መሣሪያው ቅንብር ይለዋወጣል፣ ለእኔም አንድ ቀን ሠርቶ በማግስቱ እምቢ ብሎኛል። በዚህ ረገድ ማይክሮፑር ይሻላል።

መግዛት የሚያስብ ማእከል ማሞግራፊ ከሌለው ገንዘቡን ለእርሱ ያቆይ። ካለው ደግሞ ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው የጡት ፕሮብ አብሮ መምጣቱን ያረጋግጥ፤ ሙከራውንም ቅንጣታቸው በማሞግራም በታየና ፈቃዳቸውን በሰጡ የራሱ ታካሚዎች ላይ ያድርግ፤ ሻጩ ለማሳያ ይዞት በሚመጣው ሰው ሠራሽ ጡት ላይ ሁሉም ነጥብ ያበራል።