የዳቦ ቤት ትሮሊ ስትገዙ፦ አልሙኒየም፣ ስቴንለስ ወይስ ቀለም የተቀባ ብረት?

ዳቦ ቤት ውስጥ እንደ ትሮሊ፣ ማለትም ትሪ እንደሚደረደርበት ባለ ጎማ መደርደሪያ፣ የሚለፋ ዕቃ ጥቂት ነው። የተድቦለቦለ ሊጥ ተሸክሞ ኩፍ ወደሚልበት ክፍል ይገባል። ከዚያ ወደ ኦቨኑ ይጠጋል። ትኩስ ዳቦ ይዞ ወደ ማቀዝቀዣው ቦታ ይሄዳል። ሥራ ሲያልቅ ይታጠባል፣ በማግስቱም ያው ነው። ሲገዛ ግን አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ስንት ትሪ ይይዛል? ዋጋውስ?

ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ትሮሊው ዓመታት ይቆይ ወይስ በወራት ውስጥ ይንገዳገድ የሚለውን የሚወስኑት ግን ጎማው፣ መጋጠሚያው እና ትሪው የሚያርፍበት ሐዲድ ናቸው። ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ ቅድሚያውን ለእነዚህ ስጡ። ደካማ ጎማ የተገጠመበት ውድ ብረት ከመግዛት፣ ጠንካራ ጎማ ያለበትን መካከለኛ ብረት መግዛት በብዙ ይሻላል።

ኦቨን ውስጥ ይገባል፣ አይገባም?

ከሌላው ሁሉ በፊት ይህ ይመለስ። ትሮሊው ከነትሪው ተገፍቶ የሚገባበት ኦቨን ካላችሁ ምርጫችሁ ጠባብ ነው። ስቴንለስ መሆን አለበት፣ ጎማው ሙቀት የሚችል መሆን አለበት፣ ልኩም ከዚያው ኦቨን ጋር መግጠም አለበት። ብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት ኦቨኖች ትሮሊውን ከላይ አንጠልጥለው ወይም ከታች ይዘው ያሽከረክሩታል። ስለዚህ የመንጠቆው ቅርጽ፣ ቁመቱ እና የመሠረቱ ስፋት በግምት የሚሠራ ነገር አይደለም። የኦቨኑን መመሪያ ይዛችሁ ሂዱ።

ትሪውን በእጅ እያነሳችሁ ወደ ኦቨን የምታስገቡ ከሆነ ግን ትሮሊው ራሱ ያን ሙቀት አያይም። ያኔ ምርጫው ይሰፋል፣ ወጪውም ይቀንሳል። ሁለቱም ዓይነት ሥራ ያለበት ቤት ቢሆን እንኳ ሁሉንም ትሮሊ ለኦቨን በሚሆን ደረጃ መግዛት አያስፈልገውም። ኦቨኑ የሚፈልገውን ያህል ስቴንለስ ይግዛ፤ ለማቀዝቀዣና ከቦታ ቦታ ለማዘዋወር ቀለል ያለውን ይያዝ። ትልቁ ቁጠባ ያለው እዚህ ጋ ነው።

አልሙኒየምና ስቴንለስ ጎን ለጎን

በክብደት አልሙኒየም ያሸንፋል። እኩል መጠን ካላቸው ሁለት ቁራጮች አልሙኒየሙ የስቴንለሱን አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው የሚመዝነው። ቀኑን ሙሉ ለሚገፋው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ባዶውን አንስቶ ደረጃ ለማሳለፍም ይመቻል።

በግትርነት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ተመሳሳይ ቅርጽና ውፍረት ያላቸው አልሙኒየምና ብረት እኩል ሲጫኑ፣ አልሙኒየሙ ሦስት እጥፍ ገደማ ይጎብጣል። ስለዚህ የአልሙኒየም ትሮሊ በስቴንለሱ ውፍረት ከተሠራ ይወዛወዛል። ስቴንለሱ በ1.5 ሚሊ ሜትር የሚወጣውን ሥራ ለአልሙኒየሙ ወደ 3 ሚሊ ሜትር አድርጉለት። ሻጩ «ቀላል ነው» ሲላችሁ የቀለለው በብረቱ ባሕርይ ነው ወይስ በመሳሳቱ ብላችሁ ጠርዙን በካሊፐር ለኩ።

ሙቀትን በተመለከተ፣ አልሙኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ስለሆነ ዳቦ በሚጋገርበት ሙቀት አይቀልጥም። ችግሩ ሌላ ነው። ለጥንካሬ ተብሎ በሙቀት የታከመ አልሙኒየም ከ150 ዲግሪ በላይ ደጋግሞ ሲቆይ ጥንካሬው ይወርዳል። ማቀዝቀዣ ላይ ለዘመናት የሚያገለግል ትሮሊ በየቀኑ ኦቨን ከገባ ሐዲዱ ቀስ በቀስ ሊረግብ ይችላል።

እጥበቱ ላይ እያንዳንዱ የራሱ ጠላት አለው። የአልሙኒየም ጠላት ካስቲክ ሶዳ ነው። ኃይለኛ የኦቨን ማጽጃዎች አብዛኛውን ጊዜ ይህ አለባቸው፤ አልሙኒየም ላይ ሲያርፉ ይበሉታል፣ ያጠቁሩታል፣ ከዚያ በእጅ ሲነኩት ጥቁር ይለቃል። ለስላሳ ሳሙናና ሙቅ ውኃ ይበቃዋል። የስቴንለስ ጠላት ደግሞ በረኪና ነው። በረኪና ፈሶበት ሳይለቀለቅ ከደረቀ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያበጃል፣ ዝገቱም ከዚያ ይጀምራል። በብረት ሽቦ መፈግፈግም ያው ነው። የሽቦው ብናኝ ስቴንለሱ ላይ ተጣብቆ ይቀርና እሱ ራሱ ይዝጋል። «ስቴንለስ ብለው ሸጡልኝ፣ ዛገብኝ» የሚል ሰው መጀመሪያ በምን እንደሚያጥበው ቢያይ ጥሩ ነው።

መቼም ሁሉም ስቴንለስ አንድ አይደለም። 304 የሚባለው 18 ከመቶ ገደማ ክሮሚየምና 8 ከመቶ ገደማ ኒኬል አለው። ለምግብ ዕቃ የሚመረጠው እሱ ነው። 201 ኒኬሉ ተቀንሶ ማንጋኒዝ የተጨመረበት ነው፤ ይረክሳል፣ እርጥበት ላይ ግን ቶሎ ይሸነፋል። 430 ኒኬል የለውም ማለት ይቻላል፣ ማግኔትም ይይዘዋል። ገበያ ላይ ብዙ ሰው ማግኔት አስጠግቶ «አልያዘውም፣ ስለዚህ 304 ነው» ይላል። ይህ ትክክል አይደለም። 201ንም ማግኔት አይይዘውም። ማግኔት 430ን ይለይላችኋል እንጂ 201ን ከ304 አይለይም። ስለዚህ ደረጃው ደረሰኙ ላይ በቁጥር ይጻፍላችሁ።

ቀለም የተቀባና ገላቫናይዝድ ብረት

ከሁሉም ርካሹ ቀለም የተቀባ ብረት ነው። ማንም በያጅ ይሠራዋል፣ ሲሰበር ማንም ይጠግነዋል። ይህ ጥቅሙ ቀላል አይደለም፤ አልሙኒየም ለመበየድ አርጎን ጋዝና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል።

ቢሆንም ላልታሸገ ዳቦ አልመክረውም። ምክንያቱን ሐዲዱ ላይ ታገኙታላችሁ። ትሪ በቀን ብዙ ጊዜ ይገባል፣ ይወጣል። የትሪው ጠርዝ ሐዲዱን በፋቀ ቁጥር ቀለሙ ይሳሳል፣ ከዚያ ይላጣል። የተላጠው ቀለም የሚወድቀው ደግሞ ከሥር ያለው ትሪ ላይ ነው። እዚያ ያለው ዳቦ ነው። ለታሸገ ዳቦ፣ ለካርቶን፣ ለባዶ ትሪ ማስቀመጫ ግን ይሆናል። በፈሳሽ ከተቀባው ይልቅ በዱቄት መልክ ተነፍቶ በሙቀት የተጋገረው ቀለም በብዙ ይጸናል።

ገላቫናይዝድ፣ ማለትም ዚንክ የተለበጠ ብረት፣ ለኦቨን አይሆንም። ሲበየድ ዚንኩ ይነድና ጭሱ በያጁን ያሳምማል፤ የተበየደበት ቦታም ሽፋኑን አጥቶ መጀመሪያ የሚዝገው እሱ ነው።

ብየዳ ወይስ ቡሎን?

በብየዳ የተገጠመ ትሮሊ ግትር ነው፣ አይፈታም፣ ለማጽዳትም ይመቻል። በቡሎን የሚገጣጠም ደግሞ ተፈትቶ በትንሽ ቦታ ይጓጓዛል፣ የተበላሸ አካሉ ብቻ ይቀየራል። ሩቅ ቦታ ለሚያስጭን ሰው ይህ ብዙ ወጪ ያድነዋል። ግን እየተገፋ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ዳዶው ይላላል። የምትገዙት በቡሎን ከሆነ ውስጡ ናይለን ያለበት፣ በቀላሉ የማይላላ ዳዶ ይኑረው፤ በየጊዜው የሚያጠብቅ ሰውም መድቡ። ሥራ ለሚበዛበት ቤት ግን ምርጫዬ ብየዳ ነው።

ብየዳ ሲባል ደግሞ ዓይነቱን ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ሐዲዱ ከቋሚው ጋር በሁለት ነጥብ ብቻ ተይዞ ከሆነ፣ በነጥቦቹ መካከል ምላጭ የሚያስገባ ክፍተት ይቀራል። ዱቄት እዚያ ይገባል፣ በእጥበት ጊዜ ውኃ ይከተለዋል፣ ሁለቱ ሊጥ ሆነው ይደርቃሉ። በብሩሽም አይወጣም። ሻጋታና ነፍሳት የሚጀምሩት ከእንዲህ ዓይነት ቦታ ነው። ብየዳው ያልተቋረጠ፣ ላዩም ተሞርዶ የለሰለሰ ይሁን።

ቋሚው ቱቦላሬ ከሆነ ጫፎቹን እዩ። ክፍት ከሆኑ ውኃ ይገባል፣ ውስጥ ለውስጥ ይቆያል፣ ትሮሊው ሲገፋ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ጫፉ በብየዳ የተዘጋ ይሁን። የፕላስቲክ መክደኛ ጊዜ ሳይወስድ ይወድቃል። በዚህ በኩል አንግል ብረት ከቱቦላሬ ይመረጣል፤ ሁሉም ጎኑ ይታያል፣ ሁሉም ጎኑ ይጸዳል። ቱቦላሬ በበኩሉ መጠማዘዝን የበለጠ ይቋቋማል። የሚያምረኝ ቅንጅት ዙሪያው ዝግ ቱቦላሬ፣ ሐዲዱ አንግል የሆነበት ነው።

ሐዲዱና የትሪው ልክ

ትሮሊ ከመምረጣችሁ በፊት ትሪያችሁን ለኩ። በአውሮፓ ልክ የተለመደው 40 በ60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የአሜሪካው ሙሉ ትሪ 46 በ66 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለአንዱ የተሠራ ትሮሊ ለሌላው አይሆንም።

40 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ትሪ በቋሚዎቹ መካከል 41 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይበቃል። ትኩስ ትሪ በሙቀት ትንሽ ስለሚሰፋ ልክ በልክ አይሁን። አሁን ትሪው ወደ አንድ ጎን ሙሉ በሙሉ ተገፋ እንበል። በሌላው ጎን 1 ሳንቲ ሜትር ይሸሻል። የሐዲዱ ወርድ 1.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ ትሪው የተንጠለጠለው በግማሽ ሳንቲ ሜትር ነው። ትንሽ የጎበጠ ትሪ ከሆነ ይወድቃል። ወርዱ ከ2.5 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ሐሳብ አይገባችሁም። ከኋላ በኩልም ትሪውን የሚገታ ማቆሚያ ይኑር።

በሐዲድና በሐዲድ መካከል 7.5 ሳንቲ ሜትር የተለመደ ነው። ከፍ የሚል ዳቦ የምትጋግሩ ከሆነ 10 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋችኋል። ብዙ ትሪ ይያዝ ተብሎ የተጠበበ ሐዲድ ትኩሱን ዳቦ ያፍነዋል፤ እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ቅርፊቱ ይለሰልሳል።

ጎማው

ቶሎ የሚበላሸው አካል እሱ ስለሆነ እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

ስሌቱ ቀላል ነው። 18 ትሪ፣ እያንዳንዱ ከነሊጡ 4 ኪሎ ቢሆን 72 ኪሎ ነው። ትሮሊው ራሱ 25 ኪሎ ቢመዝን ድምሩ 97 ይመጣል። ይህን ለ4 ሳይሆን ለ3 አካፍሉት፤ ወለል ሁልጊዜ እኩል ስላልሆነ አንዱ ጎማ አየር ላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ወደ 32 ኪሎ ይደርሳል። ከጉድጓድና ከደፍ ጋር ሲጋጭ ጫናው ስለሚጨምር እያንዳንዱ ጎማ ቢያንስ የዚህን እጥፍ የሚችል ይሁን።

በመጠን ከ75 ሚሊ ሜትሩ 125ቱን እመርጣለሁ። ትንሹ ጎማ የፍሳሽ ፍርግርግና የበር ደፍ ላይ ይቀረቀራል፣ ረጅም ትሮሊ ደግሞ ሲቀረቀር ወደፊት ይደፋል።

ጠንካራ ናይለን በቀላሉ ይንከባለላል፣ ብዙ ይችላል። ግን ይንጫጫል፣ የወለሉንም ንዝረት ሁሉ ወደ ላይ ያስተላልፋል። ኩፍ ያለ ሊጥ ንዝረት አይወድም፤ ተንፍሶ ይቀመጣል። ለስላሳ ላስቲክ ጸጥተኛ ነው፣ ሆኖም ተጭኖ ብዙ ከቆመ አንድ ጎኑ ይደለደላል፣ ዘይትም ይጎዳዋል። ፖሊዩረቴን በመካከል ያለ ነው፤ ኦቨን ለማይገባ ትሮሊ እሱን ውሰዱ። ኦቨን ለሚገባው ግን ለከፍተኛ ሙቀት የተሠራ ፌኖሊክ (ጠንካራ የፕላስቲክ ዓይነት) ወይም መስታወት የተቀላቀለበት ናይለን፣ ግሪሱም ሙቀት የሚችል መሆን አለበት። ተራ ፖሊዩረቴን እዚያ ውስጥ አይተርፍም።

ኩሽኔታው የታሸገ ይሁን። የዱቄት ጆንያ ክር ወለል ላይ ወድቆ በጎማው ዘንግ ላይ ይጠመጠማል፣ ዱቄት ይጨመርበታል፣ ጎማው መዞር ትቶ መጎተት ይጀምራል። ክሩን በመቀስ ማውጣት የሳምንት ሥራ አድርጉት። ጠባብ ቦታ ካላችሁ አራቱም ጎማ የሚዞር፣ ሁለቱ ፍሬን ያላቸው ይሁኑ። ረጅም መተላለፊያ ካላችሁ ሁለት የሚዞርና ሁለት ቀጥ ያለ ጎማ አቅጣጫ ይጠብቅላችኋል።

ከመክፈላችሁ በፊት

ትሮሊውን ጠፍጣፋ ወለል ላይ አቁሙና ከጥግ ወደ ጥግ፣ ሁለቱንም ሰያፍ በሜትር ለኩ። ልዩነቱ ከጥቂት ሚሊ ሜትር ካለፈ ተጣሟል፣ ትሪ ይቀረቀርበታል። የራሳችሁን ትሪ ይዛችሁ ሄዳችሁ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች አስገብታችሁ አውጡ። ከዚያ ከባድ ነገር ጫኑበትና በአንድ እጅ ግፉት፤ የላዩ ክፍል ከታችኛው ዘግይቶ ከተከተለ ሰያፍ ማጠናከሪያ ይጎድለዋል። ጠርዞቹን በጨርቅ አብሱ። ጨርቁን የያዘ ጠርዝ እጅም ይቆርጣል፣ ቆሻሻም ይይዛል።

ጅምር ላይ ያለ፣ ትሪ በእጅ የሚያስገባ ቤት በ3 ሚሊ ሜትር አንግል የተበየደ አልሙኒየም ከ125 ሚሊ ሜትር ፖሊዩረቴን ጎማ ጋር ቢይዝ አይቆጭም። ትሮሊ የሚገባበት ኦቨን ያለው ቤት በቁጥር ትንሽ፣ በጥራት ግን 304 ስቴንለስ ይግዛ። በጀቱ ለቁመትም ለጥራትም ካልደረሰ፣ ቁመቱ አጠር ያለ ጥሩ ትሮሊ ረጅም ከሆነ ደካማ ትሮሊ ይሻላል፤ ለመደፋትም አይቸኩልም። የትኛውንም ስትገዙ የጎማውን ማሰሪያ ልክ ጽፋችሁ ያዙ፣ ሁለት ትርፍ ጎማም በዚያው ቀን አብራችሁ ግዙ።