ትኬት የተቆረጠለት አኳሪየም፦ ከስምንት ወር በኋላ

ጥቅምት ላይ ነው የገዛሁት። 60 ሊትር የሚይዝ የመስታወት አኳሪየም፣ ማለትም የዓሣ ገንዳ፣ ከነፊልተሩ (ውሃ ማጣሪያው)፣ ከነማሞቂያው፣ ከነመብራቱ። የወር ደሞዜን ግማሽ በልቷል። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መስታወቱን አውቶቡስ ጣራ ላይ ከሚጭኑብኝ ብዬ ለሱም ትኬት ቆረጥኩለት። ረዳቱ እስከ ወልቂጤ ሲስቅብኝ ነበር።

አራት ጉፒና አራት ኒዮን ቴትራ የሚባሉ ትንንሽ ዓሣዎችም በላስቲክ ይዣለሁ። ጊቤ በረሃ ላይ ሙቀቱ፣ ጅማ ስንገባ ብርዱ። ሻጩ «ዛሬውኑ ጨምራቸው፣ ችግር የለውም» ብሎኝ ነበር። ጨመርኳቸው። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ኒዮኖቹ በሙሉ አለቁ፣ አንድ ጉፒም ተከተላቸው።

ጥፋቱ የመንገዱ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ዓሣ ከሚጥለው ቆሻሻ አሞኒያ ይፈጠራል፣ አሞኒያ ደግሞ መርዝ ነው። እሱን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ ወደሚያንስ ናይትሬት የሚቀይሩ ባክቴሪያዎች አሉ። ፊልተሩ ውስጥ እስኪባዙ ግን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። እኔ ጭራሽ የፊልተሩን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ ሙልጭ አድርጌ አጠብኩት፤ ክሎሪኑ የጀመሩትንም ጨረሳቸው። አሁን ከገንዳው በቀዳሁት ውሃ ለቅለቅ አድርጌ እመልሰዋለሁ። በየሳምንቱ ሩብ ያህሉን ውሃ እቀይራለሁ። የምጨምረውን ደግሞ ክሎሪኑ እንዲተን በባልዲ ክፍቱን አሳድረዋለሁ።

ወደ ዕቃው ልምጣ። መስታወቱ ጠብታ አላፈሰሰም። ግን 60 ሊትር ውሃ ብቻውን 60 ኪሎ ነው፣ የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ አይሞከርም። ጅማ ላይ ደግነቱ አናጺ አይቸግርም። ከዋንዛ አሠራሁለት። አናጺው «ለዓሣ ነው?» ብሎ ሁለቴ ጠየቀኝ።

ፊልተሩ አምስተኛው ወር ላይ መጮህ ጀመረ። ውስጧ የምትሽከረከረውን ትንሽ ነገር አውጥቼ ባጸዳት ዝም አለ። ማሞቂያው ግን አናዶኛል። 25 ላይ ሳደርገው ቴርሞሜትሩ 28 ያነባል፤ ስለዚህ 22 ላይ አድርጌ ነው የምኖረው። መስታወቱ ላይ የሚይዙት ላስቲኮችም በአራተኛው ወር ደርቀው ረገፉ። ጅማ ማሞቂያ አያስፈልግም የሚል ሰው አለ። ታኅሣሥ ሌሊት ቤቴ 17 ዲግሪ ወርዶ አይቻለሁ። መብራቱ ደህና ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስተወው ግን መስታወቱ አረንጓዴ ለበሰ፣ አሁን በቀን ሰባት ሰዓት ይበቃዋል።

አንድ ያላሰብኩት ነገር የቡና ጭስ ነበር። እማዬ ቡና የምትቆላው ከገንዳው አጠገብ ነው። የአየር ፓምፑ ከክፍሉ የሚስበውን አየር ውሃው ውስጥ ይነፋዋል፣ ጭሱንም ዕጣኑንም ጨምሮ። ረከቦቱ እንዲነሳ መጠየቅ አይታሰብም። ገንዳው ወደ መኝታ ቤት ገባ።

ግንቦት ላይ ለ11 ሰዓታት መብራት ጠፋ። ገንዳውን በጋቢ ጠቀለልኩት፣ ምግብ ከለከልኩ፣ አየር እንዲገባ በየግማሽ ሰዓቱ ውሃውን በጆግ እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ አፈሰስኩ። አንድም አልሞተም። በማግስቱ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ አስመጣሁ። አሁን ከሁሉም ዕቃ እሱን ነው የምወደው፣ ከሙሉ ዕቃው ጋር ግን አይመጣም።

ጥር ላይ ስምንት ኒዮን እንደገና ገዛሁ። በቡድን ካልሆኑ ይፈራሉ፤ ከስድስት ባታሳንሱ ጥሩ ነው። ሌሊት ቀለማቸው ይደበዝዛል። ጠዋት መብራቱን ሳበራ ገርጥተው አገኛቸዋለሁ። ቡናዬን ፉት እያልኩ ሳያቸው ሰማያዊው መስመር ቀስ በቀስ ይመለሳል፣ ከሆዳቸው እስከ ጭራቸው ያለውም ቀይ ይደምቃል። ለዚህች ብቻ ስል እንኳ አልጸጸትም።

እንደገና ብገዛ? ገንዳውንና ፊልተሩን አዎ፣ ማሞቂያውን ሌላ። ከተረፉት ሦስት ጉፒዎች ሁለቱ ሴቶች ነበሩ። ጉፒ እንቁላል አትጥልም፣ ትወልዳለች፤ በወር ገደማ። የወንዱን ዘር ለወራት ስለምታቆይ ወንዱን መለየትም ወዲያው አያቆማትም። 40 ስደርስ መቁጠር ተውኩ። የሰፈር ልጆች በሃይላንድ ጠርሙስ እየወሰዱልኝ ነው። ትናንትም አንዷን ሆዷ ሥር ጠቁሮ አየኋት፤ ልትወልድ ነው ማለት ነው።