ሰዓቷን እያየች 2 ደቂቃ ለጠበቀችልን ሲስተር

ይህን ጽሁፍ ሆን ብዬ ነው ያዘገየሁት። እህቴ መድኃኒቷን ጨርሳ፣ ድጋሚ ተመርምራ «ነጻ ነሽ» እስክትባል ልጠብቅ ብዬ ነው። ትናንት ተባለች፤ ተመስገን።

ታናሽ እህቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ሽንቷን ማቃጠል ሲጀምራት፣ በየግማሽ ሰዓቱ መጸዳጃ ቤት ስትመላለስ፣ ቤተሰቡ በሙሉ «ብርድ ነው» አልናት። እናቴ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠሽ ነው አለቻት። ከአንድ መድኃኒት ቤት ያለ ምንም ምርመራ አሞክሳሲሊን ገዝታ መጣች። ሦስት ቀን ወሰደችው፤ ጠብ ያለላት ነገር የለም። ሌሊት እንቅልፍ አጥታ ስታለቅስ ሰማኋት።

ሐሙስ፣ የገበያ ቀን በመሆኑ ባጃጅ በመከራ አግኝተን፣ ጅማ ውስጥ ኮቺ አካባቢ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሦስታችንም ሄድን። እርግዝና ክትትል ክፍል የምትሠራው አዋላጅ ነርስ ተቀበለችን። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር መጠየቅ ነው። ትኩሳት አለሽ? ጎንሽን ያምሻል? ያስመልስሻል? «ከነዚህ አንዱ ካለ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት ወጥቶ ይሆናል፤ ያኔ እዚህ አላቆይሽም፣ ቀጥታ ሆስፒታል ነው» አለቻት። አልነበራትም። እናቴ አማርኛው አልገባ ሲላት ሲስተር ወዲያው በኦሮምኛ ደገመችላት።

ከዚያ ዕቃ ሰጠቻት። ታጥበሽ፣ የመጀመሪያውን አፍስሺና መሃል ላይ ያለውን ተቀበዪ አለቻት። ለምን እንደሆነም አስረዳቻት፤ መጀመሪያ የሚወጣው ከቆዳ ላይ ያለውን ባክቴሪያ ይዞ ስለሚመጣ ውጤቱን ያበላሻል።

ላቦራቶሪ አልላከችንም። እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ ከጠርሙስ አንድ ቀጭን ስትሪፕ፣ ሽንት ሲነካው ቀለሙን የሚቀይር መመርመሪያ፣ አወጣችና ክዳኑን ቶሎ ገጠመች። የጅማ እርጥበት ስትሪፑን ያበላሸዋል፣ ጠርሙሱ ተከፍቶ ከቆየ ውጤቱ አይታመንም ትላለች። ሽንቱ ውስጥ ነክራ አወጣችውና የእጅ ሰዓቷን ማየት ጀመረች። ሌላ ታካሚ በሩን ስትከፍት እንኳ ዓይኗን አላነሳችም።

1 ደቂቃ ላይ ናይትራይት የሚባለውን አየች። ባክቴሪያ ካለ ነጩ ወደ ሮዝ መቀየር ነበረበት፤ አልተቀየረም። እኔ «እሰይ፣ የለም!» አልኩ። እሷ ግን ገና ነው አለችኝ። 2 ደቂቃ ሲሞላ ኢንፌክሽን የሚዋጋው የነጭ የደም ሴል ምልክት የሆነው ወይንጠጅ ሆነ፤ ደማቅ ወይንጠጅ።

እዚህ ላይ ነው ይቺን ልጅ ያከበርኳት። ሌላ ሰው ቢሆን አንዱን አይቶ «ደህና ነሽ» ብሎ ሊሸኘን ይችል ነበር። እሷ ግን አስረዳችን። ናይትራይት የሚመጣው ባክቴሪያው በሽንት ውስጥ ያለውን ናይትሬት ሲቀይረው ነው። ለዚህ ደግሞ ሽንቱ ፊኛ ውስጥ ወደ 4 ሰዓት ገደማ መቆየት አለበት። በየግማሽ ሰዓቱ የምትሸና ሴት ሽንት መቼ ቆይቶ! ናይትራይት ጨርሶ የማይሠሩ ባክቴሪያዎችም አሉ። «ስትሪፑ ይጠቁመኛል እንጂ አይፈርድልኝም» አለች። ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አሳድጎ ለመለየት፣ የሚሆን ናሙና ወስዳ በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ አስቀመጠች፤ ሽንት ውጭ ከቆየ ባክቴሪያው እየተራባ ውጤቱን ያሳስታል። የጤና መኮንኑን ጠራችው። እሱም እርግዝናዋን አይቶ ናይትሮፉራንቶይን አዘዘላት፤ የዚያኑ ቀን ጀመረች።

ካልቸር ቀናት ይፈጃል፤ ባክቴሪያው እስኪያድግ አንድ ሁለት ቀን፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ለማወቅ ደግሞ ሌላ ቀን። እሑድ ጠዋት ቡና ስናፈላ ስልክ ተደወለ። ሲስተር ናት፣ በእረፍት ቀኗ። ኢ.ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ነው፣ በ1 ሚሊ ሊትር ሽንት ከ100,000 በላይ። አሞክሳሲሊን አይነካውም። የያዝሽው መድኃኒት ግን ይሠራበታል፣ እንዳታቋርጪ። እህቴ ስልኩን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሦስት ቀን በከንቱ የዋጠችው ያ ኪኒን ትዝ ብሏት ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ሳነብ ነው የከረምኩት። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የእንግሊዝ ሎንጊቲውድ ሽልማት፣ 8 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ሲስሜክስ አስትሬጎ ለሚባል የስዊድን ኩባንያ የሽንት መመርመሪያ መሣሪያ ተሰጥቷል። ሐኪሙ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ባክቴሪያ መኖሩን በ15 ደቂቃ፣ የሚሠራውን መድኃኒት ደግሞ በ45 ደቂቃ ውስጥ ያሳያል። እኛ ከሐሙስ እስከ እሑድ የጠበቅነውን ማለት ነው። ጅማ ሲደርስ ለማየት ያብቃኝ። እስከዚያው ግን ስትሪፑንም ሰዓቱንም በደንብ የምታነብ ሲስተር አለችን።

ነፍሰ ጡር እህት፣ ሚስት፣ ጎረቤት ያላችሁ፣ እባካችሁ ወደ እሷ ውሰዱ። ባያቃጥላትም ውሰዷት፤ በእርግዝና ጊዜ ምንም ስሜት ሳይሰጥ ተደብቆ የሚቀመጥ ኢንፌክሽን አለ፣ ኩላሊት ጋ ደርሶ ያለ ጊዜ ምጥ ሊያመጣ ይችላል። ከቻለች ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሳ ያለውን የመጀመሪያ ሽንት ትስጥ። ሲስተር ስሜን አትጻፊ ስላለችኝ አልጻፍኩም። ኮቺ፣ እርግዝና ክትትል፣ ቀጭኗ ሲስተር ካላችሁ የማያሳያችሁ የለም።

ሲስተርዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እናቴ ደግሞ በራሷ ቋንቋ ጻፊልኝ ብላለች፦ ገለቶሚ።